ተራ የማይጠብቀው ሰንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ቲሙር ጋሬዬቭ የተባለ ግራንድማስተር ላስ ቬጋስ ውስጥ ዓይኑን ተሸፍኖ፣ ባለበት በሚሽከረከር ብስክሌት ላይ ፔዳል እየመታ፣ ከ48 ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ቼዝ ተጫወተ። 35ቱን አሸነፈ፣ ከ7ቱ ጋር እኩል ወጣ፣ በ6ቱ ተሸነፈ። የሩቢክ ኪዩብ ሰዎችም ከዚህ አያንሱም፤ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ ኪዩቡን በእግር ጣት መፍታት ራሱን የቻለ ይፋዊ የውድድር ዓይነት ነበር። በ2025 ደግሞ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት ማሽን ኪዩቡን በ0.103 ሴኮንድ ፈታው። ዓይን አንዴ ተርገብግቦ እስኪገለጥ ሥራው አልቋል።

እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን የሚመዘገበው በሰዓት ወይም በብዛት ነው። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ግን ሌላ ሚዛን ነበረው፤ እንዴት አሸነፍክ ብሎ ይጠይቃል።

ሜዳው እንደ ዛሬው ቼዝ 64 ቤት አለው፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅበትም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ቤቶቹ በጠቆረ መስመር ብቻ ይለያሉ። የእያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሥ ከመሐል መስመሩ በስተቀኝ ስለሚቆም ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ከንጉሡ ጎን ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አይጋልብም። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረሱና ደሩ፣ ማለትም የዛሬው ቼዝ ግንብ፣ የምናውቃቸው ናቸው። መደቆቹም፣ ማለትም ወታደሮቹ፣ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ወደፊት ይሄዳሉ።

የጨዋታው ጉድ መክፈቻው ላይ ነው። ወረራ ይሉታል። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ አምስት ጊዜ ሲሄድ ሌላው አሥር ጊዜ ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ እጅ መፍጠኑ ብቻ አያድንም። ጎበዙ ተጫዋች ዓይኑን ከባላጋራው አሰላለፍ ሳይነቅል የራሱን ሲያፈርስና ሲያደራጅ ይቆያል፤ ጊዜው ደረሰ ሲል ደግሞ አንዲት ጠጠር በልቶ በሩን ይዘጋዋል።

አጨራረሱም ማዕረግ አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማጥመድ ውበት የጎደለው ድል ነው። በፈርዝ ወይም በፊል ማጥመድ ያስከብራል፤ በመደቆች ተባብሮ ማጥመድ ደግሞ ያስመሰግናል። ጭፍሮቹን ሁሉ ጨርሶ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማጥመድ ግን ድል ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ አሸናፊው የተሸናፊውን ጠጠሮች እንዳይጨርስ እየተጠነቀቀ መብላት አለበት፤ ይህ ከማጥቃቱ ይከብዳል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ባዩትና በጻፉት ሰዎች ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ሂሮኒሞ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራይ ጨለቆት የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ተመልክቷል፤ ከዳር የቆመው ሰው ሁሉ ዝም አይልም ነበር፤ አሽከሩ ሳይቀር ሐሳቡን ይሰነዝር ነበር። ሕጉን ዘርዝሮ የጻፈው የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ሲሆን መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሥርዓት በአንድ ጥናት ሰበሰበው።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመጣ የምናገኛት ተጫዋች ጣይቱ ብጡል ናት። ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው። በገና የምትደረድር፣ ቅኔ የምትቋጥር፣ ሰንጠረዥም የምትጫወት እመቤት እንደነበረች ይነገራል። ፖለቲካዋን የሚያውቅ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ ጎብኚ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታና የአፋርን ቆላ ያያል፤ ስለ ሰንጠረዥ የሚነግረው ግን አይገኝም። ቢነገረው ጉብኝቱ ይጣፍጥ ነበር።

ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየጠፋ ሄደ፤ በቦታውም ዓለም አቀፉ ቼዝ ገባ። መሞከር ለሚፈልግ ግን አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። ተራውን የቼዝ ሰሌዳ ይዘርጋ፣ ንግሥቷን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል ያድርግ፣ ንጉሡና ደሩ ቦታ የሚለዋወጡበትን ሕግ ይተው። ከዚያ ወረራው ይጀመር፤ ከዳር ለቆሙትም ዝም በሉ አይበላቸው።