የትራውት ማጥመጃው ባለረጅም እግር አምሳያና የጉማራ ዓሦች

ትራውት በቀዝቃዛና ኦክስጅን በሞላበት ውኃ የሚኖር የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዓሣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በተለቀቀባቸው የባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በተለይም በዲንሾ አካባቢ በሚፈሱት በዌብና በዳንካ ነው። ይህን ዓሣ ለመያዝ ከሚመረጡት ስልቶች አንዱ «ፍላይ ፊሺንግ» ይባላል፤ ይኸውም በመረብ ወይም በትል ፈንታ ዓሣው የሚመገበውን በራሪ ነፍሳት በላባና በክር አስመስሎ ከመንጠቆ ጋር በማሰር ውኃው ላይ ማሳረፍ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ከ1,800 ዓመታት በፊት ገደማ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆን በቀይ ሱፍ ጠቅልለው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር መዝግቧል።

በዚህ መንገድ ከሚመሰሉት ነፍሳት አንዱ «ክሬን ፍላይ» የሚሰኘው፣ የወባ ትንኝ የሚመስል ነገር ግን ከእርሷ እጅግ የሚገዝፍና የማይናከስ ባለረጅም እግር በራሪ ነው። በዓለም ላይ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ በብሪታንያና በአየርላንድ የታወቁት ዝርያዎች ትላቸው በእርጥብ አፈርና በሣር ሥር ካደገ በኋላ በብዛት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ክንፍ አውጥተው ከመስኩ ይነሣሉ። አበራረራቸው ደካማ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ወደ ሐይቅ ይጥላቸዋል፤ እዚያም ስድስት እግራቸውን ዘርግተው ሲንፈራገጡ ትራውቱ ከሥር ወጥቶ ይጎርሳቸዋል።

አምሳያውን የሚሠራ ሰው አብልጦ የሚጨነቀው ለእግሮቹ ነው። ከወፍ ጭራ ላይ ላባውን ጭረት በጭረት ነጥሎ በእያንዳንዱ ላይ ቋጠሮ ይጥላል፤ ቋጠሮው እንደ ጉልበት ስለሚታጠፍ ስድስቱ እግሮች ወደ ኋላ ተንጠልጥለው በውኃው ላይ ይወዛወዛሉ። ገላውን ከአጋዘን ጠጉር ወይም ከሚንሳፈፍ ፎም ይሠራና በአንገቱ ዙሪያ የአውራ ዶሮ ላባ ይጠመጥማል፤ ይህም ላባ የመንጠቆውን ክብደት በውኃው ገጽ ላይ ስለሚያከፋፍለው አምሳያው ቶሎ አይሰምጥም። ይህን ያህል የቀለለ ነገር በራሱ ርቆ ስለማይወረወር አጥማጁ የሚወረውረው በእርግጥ ወፍራሙን ክር ነው፤ ዘንጉን ወደ ኋላ መልሶ ክሩ በአየር ላይ እስኪዘረጋ ይጠብቅና ወደ ፊት ይሰደዋል። ዓሣው ሲጎርስም መቸኮል አያስፈልግም፤ ወደ ታች እስኪዞር ካልታገሡት መንጠቆው ከአፉ ይወጣል።

ባለረጅም እግሩ ከመስኩ የሚጠፋው ትራውት ወደ ጅረት ወጥቶ ዕንቁላል ለመጣል በሚሰናዳበት ወራት ሲሆን፣ በብሪታንያና በአየርላንድም ቡናማውን ትራውት ማጥመድ በዚያው ሰሞን በሕግ ይዘጋል። የደቡብ ጎንደር አንባቢ ከአምሳያው ጥበብ ይልቅ ሊያጤነው የሚገባው ይህን ሥርዓት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ ወደ ጣና ይፈስሳሉ፤ በጣናም በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ስምንቱም፣ መንጋጋቸው ጥርስ አልባ ሆኖ ሳለ፣ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ከ15ቱ በርካቶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ እነዚህ ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ መረብ በወንዙ አፍ የሚዘረጋውና ዓሣ ለማደንዘዝ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ውኃው ውስጥ የሚጨመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱ በጥናት ታይቷል።

የጉና ጅረቶች ቀዝቃዛ በመሆናቸው ትራውት ቢለቀቅባቸው መልካም የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ቡናማውም ሆነ ባለቀስተ ደመናው ትራውት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች መካከል የተመዘገቡ ስለሆኑ፣ በዓለም ብርቅ የሆነ የዓሣ ዝርያዎች ስብስብ ወደሚራባበት ተፋሰስ ማስገባት ከባድ ጥፋት ይሆናል። ትራውቱ ባያስፈልግም ጥበቡ ግን ይጠቅማል፤ በደቡብ አፍሪካው ቫል ወንዝ የእነዚሁ የጣና ዓሦች የቅርብ ዘመዶች በነፍሳት አምሳያ እየተያዙ ብዙ ጊዜ በሕይወታቸው ይለቀቃሉ፤ ለአምሳያው የሚያስፈልገው የአውራ ዶሮ ላባም በማንኛውም የደቡብ ጎንደር ገበሬ ግቢ አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በጉማራና በርብ ዳር ያለው አጥማጅ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረቡን ከወንዙ አፍ ያንሣ፤ ብርብራውንም ፈጽሞ ይተው፤ የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም እነዚህ ወራት ለዓሦቹ እንዲጠበቁ በጊዜ ሊነሣ ይገባል።