የአክስቴ ፖስታ

ለንደን የምትኖረው አክስቴ 78 ዓመቷ ነው። ቤቷ በሰነበትኩበት ሰሞን ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አውጥታ፣ «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ቴሌቪዥኔን ሊወስዱብኝ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ቴሌቪዥኑን የሚወስድ የለም፤ ደብዳቤው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ጊዜው መድረሱን የሚያስታውስ ነበር።

እንግሊዞች ይህን ክፍያ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1922 በሬዲዮ ነው፤ ቴሌቪዥን ላላቸው ደግሞ በ1946 ተጨመረ። አንድ ቤተሰብ ስንት ቴሌቪዥን ቢኖረው አንድ ክፍያ ይበቃዋል። ቢቢሲ በአገር ውስጥ ያለ ማስታወቂያ የሚሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። በሚያዝያ 2025 የዓመቱ ክፍያ 174 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ደረሰ። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይከፍላል።

የአክስቴ ልጅ ይሄ ነው የሚያበሳጨው። «የእኔ ልጆች የሚያዩት ዩቲዩብ ነው፤ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። በቀጥታ የሚተላለፍ ፕሮግራምም ሆነ የቢቢሲን አይፕሌየር የማያይ ሰው መክፈል የለበትም። አክስቴ ግን ማታ ማታ ዜና ሳታይ አትተኛም። «ብቻዬን ስሆን የሚያወራኝ እሱ ነው» ትላለች።

ከ2000 ጀምሮ 75 ዓመት የሞላቸው ሁሉ በነፃ ያዩ ነበር፤ ወጪውን መንግሥት ይሸፍን ነበር። ሸክሙ ወደ ቢቢሲ ከዞረ በኋላ፣ ከነሐሴ 2020 ወዲህ ነፃ የሚሆነው ፔንሽን ክሬዲት ለሚያገኝ አረጋዊ ብቻ ነው። ይህም ጡረታቸው ለማይበቃ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ነው።

«አመልክተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ድሃ ነኝ ብዬ ልለምን? ሃያ ዓመት የሰው ቢሮ ያጸዳሁት ለዚህ ነው?»

ያን ቀን ዝም አልኩ። በማግስቱ ቡና እየጠጣን፣ «ግብር ስትከፍዪ የኖርሽው ለዚህ ነው፤ የራስሽን ነው የምትጠይቂው» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ስልኩን አቀበለችኝ። ልጇ እያስተረጎመላት የገቢዋንና የኪራይዋን ጥያቄ አንድ በአንድ መለሰች።

ከሳምንታት በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ ደወለችልኝ። ድጎማው ተፈቅዶላታል፤ የቴሌቪዥኑም ክፍያ ቀርቶላታል። «ይህን ሁሉ ዓመት ስከፍል ኖሬ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ቁጭት ነበረበት።

ውጭ አገር ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ ስትደውሉ ከጤናቸው ቀጥሎ ስለ ፖስታዎቻቸው ጠይቋቸው። አፍረው መሳቢያ ውስጥ የከተቱት መብታቸው ሊሆን ይችላል።