የኳድ የኋላ ሾክ፦ ተረትና እውነታ

ኳድ ሲነዱ ከባዱን ሥራ የሚሠራው የኋላው ክፍል ነው። የነጂውን ክብደት ይሸከማል፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ መሬት ያደርሳል፣ ከዝላይ በኋላ የሚመጣውን ምት ይቀበላል። ስለ ሾክና ስለ ሞላ የሚነገረው ምክር ግን በአብዛኛው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ እንጂ ተለክቶ የተረጋገጠ አይደለም። በዕረፍት ቀናቸው ከዱባይ ወይም ከሪያድ ወጣ ብለው አሸዋ ላይ ለሚነዱ ወገኖቻችን እንዲህ ያለው ምክር ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣል፤ ሲብስም አጥንት ያሰብራል። በብዛት የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

በቅድሚያ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። የኳድ የኋላ ክፍል በሁለት ዓይነት መንገድ ይሠራል። በመጀመሪያው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ይያያዛሉ። አክስሉን የሚሸከመው ስዊንግ አርም የሚባለው ክንድ ሲሆን፣ ክንዱ ከሻንሲው ጋር በኩሽኔት ተያይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ እንቅስቃሴውን የሚቆጣጠረው መሃል ላይ ያለ አንድ ሾክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ያማሃ ራፕተር 700 እንዲህ ነው። በሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ክንድና የራሱ ሾክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፖላሪስ ስፖርትስማን 500 የዚህ ዓይነት ነው።

ተረት 1፦ የኋላው በጠነከረ ቁጥር ይሻላል

እውነታው፦ ጎማ የሚገፋውም ሆነ ፍሬን የሚይዘው መሬት ሲነካ ብቻ ነው። ከልክ በላይ የጠነከረ ሾክ ጉብታ ባገኘ ቁጥር ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል። ያን ጊዜ የኋላው ይንሸራተታል፣ ነጂውም በየጉብታው ከወንበሩ ይነጥራል። ከልክ በላይ የላላውም የራሱ አደጋ አለው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ የኋላው ዝቅ ይላል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ ቀጥ ባለ የአሸዋ ክምር ላይ ደግሞ ኳዱ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ይቀርባል። ጥሩ ሾክ ማለት ጎማውን ከመሬት ጋር የሚያቆይ ሾክ ነው።

ተረት 2፦ ሞላውን ካጠበቁት ይጠነክራል

እውነታው፦ ሾኩ ላይ ያለው ማጥበቂያ ቀለበት ሞላውን አስቀድሞ ይጨምቀዋል እንጂ ጥንካሬውን አይለውጠውም። 10 ሚሊሜትር ለመጨመቅ 50 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ እንውሰድ። በቀለበቱ 10 ሚሊሜትር አስቀድመው ቢጨምቁት፣ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከ50 ኪሎ በላይ ሲያርፍበት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 10 ሚሊሜትር የሚፈልገው ያንኑ 50 ኪሎ ነው። ማጥበቅ የሚለውጠው ኳዱ እርስዎን ተሸክሞ የሚቆምበትን ከፍታ ነው።

ይህን ከፍታ ለማስተካከል ሜትር፣ ክሪክና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አስገብተው የኋላ ጎማዎቹ መሬት እስኪለቁ ያንሱት። ከአክስሉ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር ባለ አንድ ቋሚ ነጥብ ላይ ምልክት አድርገው ርቀቱን ይለኩ። ከዚያ ኳዱን ያውርዱት፤ ሄልሜትና ቦት ጫማ ሳይቀር ለመንዳት የሚለብሱትን ሁሉ ለብሰው ይቀመጡበት፤ ጥቂት ወደ ታች ጫን ጫን ካደረጉት በኋላ ረዳትዎ ያንኑ ርቀት እንደገና ይለካ። የሁለቱ ልዩነት ኳዱ በእርስዎ ክብደት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ይነግርዎታል።

ለስፖርት ኳድ ጥሩ መነሻ የሚሆነው የኋላ ጎማው ጠቅላላ እንቅስቃሴ ሲሶ ገደማ ነው። የራፕተር 700 የኋላ ጎማ በድምሩ 256 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ሲሶው 85 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ 560 ያሳየው ሜትር ሲቀመጡበት 475 ካሳየ ልኩን አግኝተዋል። ከ475 ካነሰ ቀለበቱን ያጥብቁ፣ ከበለጠ ያላሉ።

ልኩን ካገኙ በኋላ ከኳዱ ወርደው አንድ ጊዜ ደግመው ይለኩ። ኳዱ ባዶውን ሲቆም ጨርሶ ዝቅ የማይል ከሆነ ሞላው ለክብደትዎ ለስላሳ ነው፤ ልኩ የመጣው በብዙ ማጥበቅ ነውና። ባዶውንም ብዙ ዝቅ የሚል ከሆነ ሞላው ጠንክሮብዎታል። በሁለቱም በኩል መፍትሔው ሞላውን ብቻ መቀየር ነው፤ ሾኩን በሙሉ መለወጥ ግድ አይደለም። ፋብሪካው ለሁሉም ገዢ አንድ ዓይነት ሞላ ገጥሞ ይሸጣል፤ 60 ኪሎ የሚመዝንና 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን በአንድ ሞላ እኩል ሊመቻቸው አይችልም።

ተረት 3፦ ሾኩን ከፍ ካደረጉት ከሥር ድንጋይ አይነካውም

እውነታው፦ ይህ ወጥ አክስል ላላቸው ኳዶች አይሠራም። አክስሉ ያለው ከሾኩ በታች፣ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ስለሆነ ከፍታውን የሚወስነው ጎማው ነው። ጎማው 20 ኢንች ቁመት ካለው የአክስሉ መሃል ከመሬት 25 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስና የፍሬኑ ዲስክ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላሉ። ሞላውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁ ከፍ የሚለው ሻንሲው ነው፤ ጥርሱና ዲስኩ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። የኋላው ያለ ልክ ከፍ ሲል ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና መሪው በፍጥነት ላይ እርጋታ ያጣል። ድንጋያማ ቦታ የሚያዘወትሩ ከሆነ ለጥርሱና ለዲስኩ መከላከያ ያስገጥሙ።

ተረት 4፦ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት አሠራር ሁልጊዜ ይበልጣል

እውነታው፦ የሚወስነው መሬቱና ሥራው ነው። ድንጋይና ሥር በበዛበት መንገድ፣ ዕቃ ጭነው ረጅም ርቀት ለሚሄዱ ሰዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ጎማ ይመቻል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ከመሬት አይለቅም፣ ወገብም ያርፋል። በአንጻሩ ክብደቱ ይጨምራል፣ ኩርባ ላይ ይበልጥ ያጋድላል፣ የሚጠገነውም ዕቃ ይበዛል። በየጎማው ያለው የመገጣጠሚያ ጎሚኒ ከተቀደደ አሸዋና ጭቃ ገብቶ መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

ወጥ አክስል ቀላልና ጠንካራ ነው። በአብዛኛው ዲፈረንሻል ስለሌለው ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ፤ ኩርባ ላይ የግድ አንዱ መንሸራተት አለበት። ስፖርት ነጂዎች አሸዋ ላይ የኋላውን በነዳጅ የሚያዞሩት በዚህ ነው። አስፋልት ላይ ግን ጎማው እንደ ልብ ስለማይንሸራተት ኳዱ ለመታጠፍ ያስቸግራል፤ አስፋልት የኳድ ቦታ አይደለም።

ተረት 5፦ ሾኩ ቀስ ብሎ ሲመለስ ኳዱ ይረጋጋል

እውነታው፦ የተጨመቀው ሾክ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሪባውንድ የሚባለው ማስተካከያ ነው። በጣም ፈጣን ከሆነ ከጉብታ በኋላ ወንበሩ ነጂውን ወደ ፊት ይወረውረዋል። በጣም ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ በተከታታይ ጉብታዎች ላይ ሾኩ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ከዚያም ሦስተኛው፤ የኋላው በየምቱ እየሰጠመ ሄዶ ድንጋይ ይሆናል። ብዙዎች ሾኩ ጠነከረ ብለው ሞላ የሚቀይሩት በዚህ ጊዜ ነው።

ከመንካትዎ በፊት ያለበትን ቁጥር ይመዝግቡ። ማስተካከያውን በካቻቢቴ ሳያስገድዱ እስከ መጨረሻው ይዝጉት፣ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ እየቆጠሩ ይመልሱት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለት ሁለት ቀጭታ ይለውጡ፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ነድተው ያወዳድሩ።

ተረት 6፦ ሾኩን የሚያጠነክረው ናይትሮጅኑ ነው

እውነታው፦ ኳዱን የሚሸከመው ሞላው፣ እንቅስቃሴውን የሚገራው ዘይቱ ነው። ሾኩ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ጋዝ ዘይቱን በግፊት ይዞ አረፋ እንዳይሠራ ይከላከላል። ሾክ ብዙ ሲሠራ ይግላል፣ ዘይቱም ይቀጥናል፣ መግራቱም ይደክማል፤ ተጨማሪ የዘይት መያዣ ያለው ሾክ ብዙ ዘይት ስለሚይዝ ቶሎ አይግልም። የሾክ ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ግፊት ስላለው ቤት ውስጥ መፍታት አደገኛ ነው፤ ለባለሙያ ይተዉት።

ተረት 7፦ የጎማ አየር ከሾክ ጋር አይገናኝም

እውነታው፦ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ላይ ያዋለው ዩኤስ90 የተባለ ባለ 3 ጎማ ተሽከርካሪ ሾክ ጨርሶ አልነበረውም፤ ምቱን የሚቀበለው ትልልቁ ጎማ ብቻ ነበር። ዛሬም ጎማው የመጀመሪያው ሾክ ነው። የስፖርት ኳድ ጎማ የሚሞላው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ነው፤ እንደ መኪና ጎማ የሞላው ሰው የትኛውም ሾክ አይመቸውም። በዝቅተኛ ግፊት በሚሠራ መለኪያ፣ ጎማው ሳይግል ይለኩ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጎማ አየር፣ ቀጥሎ ለክብደትዎ የሚሆን ሞላ፣ ከዚያ ከፍታው፣ በመጨረሻ ሪባውንዱና ሌሎቹ ማስተካከያዎች። ይህን ሳያደርጉ የገዙት ውድ ሾክም በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ሾክ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ሰው በተሠራ ስፖርት ኳድ ላይ ሁለተኛ ሰው አይጫኑ፤ ትርፉ ክብደት የሚያርፈው የኋላው ላይ ነውና የለኩት ሁሉ ይፈርሳል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ከነልብስዎ ይመዘኑ፣ ሜትር ይያዙና ይለኩ።