የሞተርሳይክል ሞተር አየር ላይ

ባለፈው ሰሞን መኝታ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ሞተር ያው ሞተር ነው፤ መሬት ላይ የሠራ አየር ላይም ይሠራል» አለ። እውነት ነው ወይ?

አሜሪካዊው ኤድ ሂዝ በ1926 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ሰዎች ቤታቸው እንዲገጣጥሟትም ክፍሎቿን ይሸጥ ነበር። የአውሮፕላን ሞተር ውድ ስለነበረ የሄንደርሰን ሞተርሳይክልን ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር አሻሽሎ ገጠመላት። ኃይሉ 27 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ሞተሩ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ውሃና ራዲያተር አይፈልግም፤ ክብደት ቀነሰ ማለት ነው።

ታዲያ ማሻሻል ለምን አስፈለገ? ሞተርሳይክል ዳገት ላይ ቢጨነቅ ቁልቁለት ላይ ያርፋል። አውሮፕላን ላይ ግን ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ኃይል ይሠራል። ሙቀቱ ይበዛል፤ ዘይት በደንብ ካልተዳረሰው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ደግሞም ፕሮፔለሩ የሞተሩን ዘንግ ወደ ፊት ስለሚጎትት ይህን ጉተታ የሚችል ኩሽኔታ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጓደኛችን ግማሹን አግኝቶታል፤ ሞተሩ ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሞተርሳይክል መንገድ ላይ ቢቆም ወርደን እንገፋዋለን። አየር ላይ ቢቆምስ?