የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ሥርጭትና የዘረመል ዝግመተ ለውጥ በዶሮ እርባታ ውስጥ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። በውኃ ወፎች አንጀት ውስጥ ብዙም ጉዳት ሳያደርስ የሚኖር ቫይረስ፣ ዶሮ ቤት ሲገባ በጥቂት ቀናት መንጋውን የሚፈጅ ገዳይ የሚሆነው እንዴት ነው? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የቫይረሱን አወቃቀር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1996 የታወቀውን የአንድ ዝርያ ታሪክ እንመለከታለን።

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ የዘረመል መረጃ በ8 የተለያዩ የአር.ኤን.ኤ. ቁራጮች ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ በጠቅላላው ወደ 13,500 የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ይህ አወቃቀር ለለውጥ ሁለት በሮችን ይከፍታል። አንደኛው የቅጂ ስሕተት ነው። ቫይረሱን የሚያባዛው ኢንዛይም የገለበጠውን መልሶ የማረም ችሎታ ስለሌለው፣ ቫይረሱ በተባዛ ቁጥር አዳዲስ ለውጦች ይፈጠራሉ። ሁለተኛው የቁራጮች መቀያየር ነው። ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች አንድን ሕዋስ በአንድ ጊዜ ሲያጠቁ፣ ቁራጮቻቸው እንደ ካርታ ተበውዘው ከሁለቱም የተለየ አዲስ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያው መንገድ አዝጋሚ ነው፤ ሁለተኛው ግን ድንገተኛ ነው።

የገዳይነቱ ምስጢር በአብዛኛው የሚገኘው ሄማግሉቲኒን በተባለው የቫይረሱ ውጫዊ ፕሮቲን ላይ ነው። ቫይረሱ ሕዋስን መበከል እንዲችል ይህ ፕሮቲን በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ቀላል ሕመም በሚያስከትሉት ዓይነቶች፣ ቆራጮቹ ኢንዛይሞች በዋናነት በመተንፈሻ አካላትና በአንጀት ስለሚገኙ ቫይረሱ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ኤች5 እና ኤች7 የተሰኙት ዓይነቶች ግን በዶሮና በተርኪ መንጋ ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ በመቆረጫው ቦታ ላይ ተጨማሪ የቤዝ ባሕርይ ያላቸው አሚኖ አሲዶችን ሊያገኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ፉሪን የተባለው፣ በሁሉም ሕዋሳት ውስጥ አለ ሊባል የሚችለው ኢንዛይም ፕሮቲኑን ይቆርጠዋል። ቫይረሱም ወደ ልብ፣ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ይሠራጫል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ለውጥ በአመዛኙ የሚከሰተው በዱር ወፎች ላይ ሳይሆን በእኛው እርባታ ውስጥ መሆኑ ነው። በተፈጥሮ ሐይቅ ላይ ተሸካሚውን ፈጥኖ የሚገድል ቫይረስ ከእርሱ ጋር አብሮ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ዶሮዎች በታጨቁበት ቤት ግን ቀጣዩ ተጠቂ ያለው በክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ገዳይነት በዚያ ቫይረሱን አይጎዳውም።

እ.ኤ.አ. በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት በእርባታ ዝይዎች ላይ የተገኘው ኤች5ኤን1 የዚህ ታሪክ መነሻ ነው። በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን አጥቅቶ 6ቱን ገደለ፤ በከተማዋ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎች ከተወገዱ በኋላ ወረርሽኙ ተገታ። ዝርያው ግን አልጠፋም። በ2005 በቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎችን ፈጀ፤ በ2006 መጀመሪያ ናይጄሪያና ግብፅ ደረሰ። የመነሻውን ሄማግሉቲኒን በየጊዜው እየለወጠ፣ ሌሎቹን ቁራጮች ከአካባቢ ቫይረሶች እየተዋሰ ብዙ ቅርንጫፎች አወጣ። ከእነዚህ 2.3.4.4ቢ የተባለው በ2021 መጨረሻ አትላንቲክን ተሻግሮ ካናዳ ገባ፤ በ2022 ደቡብ አሜሪካን፣ በ2023 የአንታርክቲክ አካባቢ ደሴቶችን አዳረሰ። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኘ። በሰዎች መካከል ቀጣይነት ያለው መተላለፍ ባይታይም፣ ወደ አጥቢ እንስሳት የተደረገው እያንዳንዱ ሽግግር ለቫይረሱ አዲስ የመላመድ ዕድል ይሰጠዋል።

ተሸካሚው ማን ነው? ስደተኛ ወፎች ቫይረሱን ከአህጉር ወደ አህጉር ያደርሱታል፤ የቁም ዶሮ ገበያ፣ የማጓጓዣ ሣጥን፣ የእንቁላል ትሪና የሠራተኛ ጫማ ደግሞ ከመንደር ወደ መንደር ያመላልሱታል። ሁለቱን ነጣጥሎ አንዱን ብቻ መክሰስ ከማስረጃው ጋር አይስማማም።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ማረፊያ ናቸው፤ በበዓላት ዋዜማ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከዚህም በላይ የምልክቶቹ መመሳሰል አለ። ድንገተኛ ሞት ሲከሰት አርቢው «ፈንግል ገባ» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን ፈንግልንና ኃይለኛውን የወፍ ጉንፋን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው።

ክትባትም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሜክሲኮ ከ1995 ጀምሮ ዶሮዎቿን ስትከትብ፣ ቫይረሱ ከክትባቱ ዝርያ እየራቀ መሄዱ ተመዝግቧል። ክትባት ዶሮዋን ከሞት ቢያድንም መተላለፍን ሙሉ በሙሉ ላይገታ ይችላል። ስለዚህ ክትባት የሚሰጥ አገር የቫይረሱን ዘረመል ያለማቋረጥ መከታተል ይኖርበታል።

ይህ ክትትል የሚጀምረው ከአርቢው በር ነው። ዶሮዎቿ ሲሞቱ ማሳወቅ የቀሩትን ያለ ካሣ የሚያስወግድባት ከሆነ፣ እናት በሕይወት ያሉትን ፈጥና ወደ ገበያ መውሰዷ የሚያስገርም አይሆንም። ያን ጊዜ ናሙናውም፣ የዘረመሉ መረጃም አይኖርም፤ ቫይረሱ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ስለሆነም ካሣ ከበጎ አድራጎት ይልቅ የሳይንሱ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።