ተማሪዎች ከቤት ውጭ የሚያድሩበት ጉዞ

የትምህርት ቤት ጉብኝት ብዙውን ጊዜ የደርሶ መልስ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አብያታ ሐይቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱ ልጆች የቀኑን ሰፊ ክፍል በአውቶቡስ ያሳልፋሉ፤ ሲመለሱም ጨለማ በመንገድ ላይ ያገኛቸዋል። ይህም የሚያሰጋ ነው።

አንድ ሌሊት ቢያድሩ ግን የሚማሩት ይበዛል። አብያታ መውጫ የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚነሣው የቡልቡላ ወንዝ ይመግበዋል። የላይኛው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ፣ ዳርቻው በዓመታት ውስጥ ርቆ ሸሽቷል። ተማሪው ቀድሞ ውኃ የነበረበትን ሜዳ በእግሩ ሲያቋርጥ፣ በማግሥቱም ከቡልቡላ ገበሬ ጋር ሲነጋገር፣ ለአንዱ እንጀራ የሆነው መስኖ ለሌላው ጉዳት እንደሚሆን ይገባዋል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ማስረዳት ይከብዳል።

ዋናው ችግር ገንዘብ ነው። የሚከፍሉት ብቻ ሄደው የድሆች ልጆች የሚቀሩበት ጉዞ ጨርሶ ባይደረግ ይሻላል ባይ ነኝ። ወጪው ግን ሊቀነስ ይችላል። በሁለቱ ወሰነ ትምህርቶች መካከል ባለው ዕረፍት የአካባቢው ትምህርት ቤት ክፍሎች ባዶ ናቸው። ብርድ ልብስና በሶ ከቤት ይያዛል።

የሴት ልጆች ወላጆች ደግሞ «ማን አብሯቸው ያድራል?» ይላሉ። ሴት መምህራን ካልተገኙ፣ ማደሪያውም ለየብቻ ካልሆነ፣ እምቢ ቢሉ አይፈረድባቸውም። በዚያ መንገድ ላይ አዳራሽ ያላችሁ ጉባኤዎች ለትምህርት ቤቶች ብታሳውቁ መልካም ነው።