ቤዙ የት ሄደ?

ሄድፎን አጠገባችሁ ካለ አሁኑኑ አውጡት። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከበው ትልቁ ወይም ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ሳይሆን፣ ስፖንጁ ቀጥታ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ቤዝ ያለበት አንድ ዘፈን ክፈቱ። አሁን ሁለቱንም ጎን በመዳፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጆሯችሁ ተጫኑት። ልቀቁት። ከዚያ ደግሞ በጣታችሁ ይዛችሁ ከጆሯችሁ በጥቂት ሚሊሜትር አርቁት።

ምን ሰማችሁ? ስትጫኑት ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ወፈረ፤ ስታርቁት ድምፁ እንደ ድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ቀጠነ። ዘፈኑ ያው ነው፣ ስልኩም ያው ነው፣ ቮሊዩሙን አልነካችሁም። የተለወጠው በስፖንጁና በጆሯችሁ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ብዙ ሰው “ይሄ ሄድፎን እኮ ቤዝ የለውም” ብሎ ጥግ የሚወረውረው ዕቃ፣ ብዙ ጊዜ ቤዝ አጥቶ ሳይሆን በደንብ ስላልተደረገ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ኳስ መንፊያ አስቡ። ጫፉን በጣታችሁ ዝጉትና፣ ግን ትንሽ አየር እንዲያሳልፍ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉት። አየሩ ተረጋግቶ በጣታችሁ ዳር ሹልክ ይላል፤ ምንም ግፊት አይሰማችሁም። አሁን በፍጥነት ግፉት። አየሩ ለማምለጥ ጊዜ ስለሚያጣ ይታመቃል፣ ጣታችሁንም ይገፋዋል። ሄድፎን ውስጥ ያለችው ትንሿ ስፒከርም መንፊያ ናት። ስስ ሽፋኗ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ደግሞ የጆሮ ታምቡርን። ወፍራም ድምፅ ማለት ቀርፋፋ ምልልስ ነው፤ 50 ሄርዝ ሲባል በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ። በስፖንጁ ዳር ክፍተት ካለ አየሩ ከመታመቅ ይልቅ በዚያ በኩል ይወጣል። በሰከንድ 5,000 ጊዜ ለሚመላለሰው ቀጭን ድምፅ ግን ማምለጫ ጊዜ የለም። ስለዚህ ክፍተት መጀመሪያ የሚሰርቀው ቤዙን ነው፤ የዘፋኙ ድምፅና ጸናጽሉ ብዙም ሳይጎዱ ይቀራሉ።

ታዲያ ክፍተቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው? በአብዛኛው ልብ የማንላቸው ትናንሽ ነገሮች። የመነጽር ዘንግ ስፖንጁን ከጆሮ ጫፍ ላይ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ሹሩባ የተሠራችው ልጅ ጉንጉኑ በስፖንጁ ሥር ካለፈ፣ ከጉንጉኑ ግራና ቀኝ የአየር መውጫ ይኖራል። ትልቅ ጉትቻ፣ ወፍራም ሻሽ፣ የሹራብ ኮፍያ ሁሉም ያው ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፀጉሩን ከጆሮ ወደ ኋላ መሰብሰብ፣ ጉትቻውን ማውለቅ፣ ሻሽ ከሆነ ጆሮ ላይ አንድ ድርብ ብቻ እንዲቀር አድርጎ ማሰር። መነጽር የምታደርጉ መጀመሪያ ሄድፎኑን፣ ከዚያ መነጽሩን አድርጉ፤ ዘንጉም ከስፖንጁ በላይ እንዲያልፍ ትንሽ ከፍ አድርጉት። አንዳንዱ ፊት ላይ ይሄ አይሆንም፣ ያኔ ጆሮን የሚከበው ዓይነት ይሻላል።

ቦታም አለ። የ50 ሄርዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ የ10,000 ሄርዙ ግን 3.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ከጆሯችሁ ራሱ ያነሰ። ስለዚህ ስፒከሯ አንድ ሴንቲሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ብትሸሽ ቤዙ ግድ የለውም፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን የጆሮን ቅጥልጥል እየገጨ መልኩን ይቀይራል። በአናት የሚያልፈውን ቅስት በሁለቱም በኩል አሳጥሩትና፣ የስፖንጁ መካከል ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት እስኪመጣ ድረስ አንድ አንድ እርከን አስረዝሙት። የሁላችንም ራስ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ግራው ሦስተኛ፣ ቀኙ አራተኛ እርከን ላይ ቢቆም አትደንግጡ።

እዚህ ላይ ስለ በገና አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። በሚያፈስ ሄድፎን የዘመናዊ ዘፈን ቤዝ ሲጠፋ፣ የበገና ወፍራም ድምፅ ግን በደንብ ይሰማል። ለምን? በገና እያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለችው። አውታሩ ሲርገበገብ ከቆዳዋ ጋር እየተነካካ ያንን የታወቀውን ጥዝዝታ ይፈጥራል፤ ጥዝዝታው ደግሞ በብዙ ተከታታይ ድግግሞሾች የተሞላ ነው። አንድ አውታር 80 ሄርዝ ላይ ነው እንበል። ከእሱ ጋር 160፣ 240፣ 320 እያለ የሚቀጥል ድምፅ አብሮ ይወጣል። ሄድፎኑ 80ውን ቢያፈሰውም አንጎላችሁ የቀሩትን አይቶ “የእነዚህ መነሻ 80 ነው” ብሎ ይገምትና የሌለውን ወፍራም ድምፅ ያሰማችኋል። ጥርት ካለ ቤዝ ጋር ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የሚገመትበት ፍንጭ የለማ!

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። “ቤዙ እንዲመጣ በደንብ ይጠብቅ” ካልን፣ ጆሮ ማቃጠሉ አይቀርም። የውጩ ጆሯችን ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ አጥንት ላይ በስሱ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ እንደ መቀመጫችን ሥጋ የለውም። ዋናው ነገር ሄድፎኑ ስንት ኃይል አለው ብቻ ሳይሆን ኃይሉ በስንት ስፋት ላይ ተከፋፈለ ነው፤ ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት አይደል? ቅስቱ በ4 ኒውተን፣ ማለትም 400 ግራም ገደማ ዕቃ በሚጫንበት ኃይል፣ ይጨብጣል እንበል። ስፖንጁ ሙሉ 20 ካሬ ሴንቲሜትሩ ቢያርፍ ኖሮ ምንም አይሰማንም ነበር። ጆሮ ግን ወጣ ገባ ነው። ደረቅ ስፖንጅ ወጣ ያሉትን ብቻ ነክቶ 5 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከቆመ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ለስላሳና ሰጠም የሚል ስፖንጅ ሁለት ሥራ የሚሠራው፤ ሕመሙንም ይቀንሳል፣ ክፍተቱንም ይደፍናል። ዕድሜ ጠግቦ የተደፈጠጠ ስፖንጅ ሁለቱንም ያበላሻል። ሄድፎኑን ሳትጥሉ ስፖንጁን ብቻ ቀይሩ።

በ1984 የወጣውና እስከዛሬ የሚመረተው ኮስ ፖርታ ፕሮ ይህን ችግር በሚያምር ዘዴ ነው የፈታው። ከጆሮ በላይ የራስ ቅሉ ላይ የሚያርፍ ተጨማሪ ትንሽ ስፖንጅ አለው፤ በማንሸራተቻ ስታስተካክሉት ጫናው ከጆሮ ተነስቶ ወደዚያ ጠንካራ አጥንት ይሄዳል። ወደ “ላላ” ስትወስዱት ጆሮ ያርፋል፣ ቤዙ ይቀንሳል፤ ወደ “ጠበቅ” ስትወስዱት ተቃራኒው። ምቾትና ቤዝ በአንዲት ማንሸራተቻ ላይ ሲደራደሩ ማየት ለእኔ ከማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ምሳሌ ይበልጣል።

የእናንተ ሄድፎን እንዲህ ዓይነት ነገር ከሌለውና ቅስቱ ብረት ከሆነ፣ ከራሳችሁ ስፋት በጥቂቱ በሚበልጥ የመጽሐፍ ክምር ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩት፤ ይላላል። ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ግን ተዉት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ገመድ ላላችሁ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ዘፈኑ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን ዋሻ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ሄድፎኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ 3.5 ሚሊሜትሩ ጃክ እስከ መጨረሻው አልገባ ይሆናል። በጃኩ ላይ ያሉት የብረት ቀለበቶች የግራ፣ የቀኝና የጋራ መመለሻ መስመር ናቸው። መመለሻው ካልተገናኘ የምትሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀዳ ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል፣ በቃ ይጠፋል። ወፍራም የስልክ ከቨር ብዙ ጊዜ የዚህ ጥፋተኛ ነው፤ አውልቃችሁ ሞክሩት።

ይህን ሁሉ ዝርዝር የማወራው ግን ለሙዚቃ ጣዕም ብቻ ብዬ አይደለም። ቤዙ ሲጠፋ እጃችን የሚሄደው ወደ ቮሊዩም ነው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ደግሞ የሞተሩ ጉርምርምታ ራሱ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የቀረውን ቤዝ ይሸፍነዋል፤ እንደገና እንጨምራለን። ስትጨምሩ ግን ያ የጎደለው ቤዝ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ ሳይጎድል የቆየው የመካከለኛውና የቀጭኑ ድምፅ አብሮ ያድጋል። ኮክሊያ በሚባለው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። በሰው ላይ ከሞቱ አይተኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለዚያው 40 ሰዓት። በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አዋቂ ከሆናችሁ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ92 ዴሲቤል ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ይቀራችኋል፣ ያውም ለሳምንቱ ሙሉ። በደንብ ያልተደረገ ሄድፎንን ለማካካስ የምትጨምሩት 6 ዴሲቤል ከአራት ሰዓት ሦስቱን ይወስዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ሄድፎኑን አስተካክላችሁ ደስ የሚላችሁን ቮሊዩም ምረጡ፣ ስልኩ ላይ ስንተኛው እርከን እንደሆነ አስታውሱ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ከዚያ እርከን አልፋችሁ እንደሆነ እዩ። ጀርባው ክፍት የሆነው፣ ፖርታ ፕሮን የመሰለው ሄድፎን ለቤት እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ ውጭውን ድምፅ ጨርሶ አይከለክልም። ጀርባው የተዘጋው ከገጠመ ጫጫታውን ይቀንሳል፣ ግን ከሞተሩ ጉርምርምታ ይልቅ የሰውን ወሬ ነው በደንብ የሚከላከለው። ጉርምርምታውን የሚያጠፋው በማይክ ሰምቶ ተቃራኒ ሞገድ የሚልከው ዓይነት ነው፤ እሱም ቢሆን ስፖንጁ ክፍተት ካለው ሥራው ይበላሻል። ሄድፎኑን ስታወልቁ ጆሯችሁ ውስጥ “ጢ...” የሚል ጩኸት ከቀረ ግን ምንም ዓይነት ሄድፎን ይሁን፣ ድምፁ በዝቶ ነበር። የዚያን ቀን ጆሮውን አሳርፉት፤ ጩኸቱ በማግስቱም ካልጠፋ ሐኪም ይየው።